ምስር የምታህል እብጠት

ባለፈው ሳምንት ከሚሴ ከተማ አስፋልት ዳር ካለ አንድ ሱቅ ገብቼ ክር ስጠይቅ፣ ከመደርደሪያው ሥር አንዲት ግራጫ ድመት ተኝታ አየሁ። ክሩን ረሳሁት። ቁጭ አልኩና መዳፎቼን አሻሽቼ ካሞቅኩ በኋላ ከአገጯ ሥር ጀመርኩ። አገጭ፣ አንገት፣ ብብት፣ ከዚያ ሆዷን በሁለት እጄ፣ ግራና ቀኙን እኩል። ባለሱቁ ከላይ ሆኖ ያየኛል።

«ልትገዣት ነው ወይስ ልታርጃት?» አለኝ።

አፈርኩ። ድሮም ሰው ፊት ቃል አይወጣኝም። «ደህና ናት» ብዬ ተነሳሁ።

«እኔ መቼ ታማለች አልኩሽ?» አለና ሳቀ። ክሩን ሳልገዛ ወጣሁ።

ስምንት ዓመት የሠራሁት ሥራ ጣቴ ላይ የተወው ልማድ ነው። አሁን ሥራው የለም። የሕክምና ቤቱ ተዘግቷል፤ እኔም አንድ እህል ማከማቻ ውስጥ ምስርና ሽምብራ እለቅማለሁ። ቀን ቀን ጠጠር እያወጣሁ እውላለሁ፤ ጣቶቼ ግን የሚፈልጉት ሌላ ነው። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ሥራ ነው። ከሥራው ውስጥም መናገር ሲገባኝ ዝም ያልኩበት ቀን አለ፤ እሱን ሳልጽፍ ሌላውን ብጽፍ ዋጋ የለውም።

የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ አስፋልቱ ዳር ካለ አንድ ሆቴል አንሶላ አጥብ ነበር። እመቤቲቱ ሠራተኛ የምትጠራው በጭብጨባ ነበር፤ አንድ ዓመት ሙሉ ስሜን የጠየቀችኝ አይመስለኝም። ለእኔ ግን ተመችቶኝ ነበር፤ መልስ የሚፈልግ ሰው አልነበረም።

ጋሽ ሰይድን ያገኘሁት የሆቴሉን ውሻ ሊያክሙ ሲመጡ ነው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በመንግሥት የእንስሳት ጤና ሥራ ላይ ነው፤ ባቲ፣ ሰንበቴ፣ ጨፋ፣ ያልረገጡት መንደር የለም። ጡረታ ሲወጡ ወደ ከብት ገበያው በሚወስደው መንገድ ሁለት ክፍል ተከራይተው የራሳቸውን ሕክምና ቤት ከፈቱ። ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይላቸዋል፤ እሳቸው «ዶክተር አይደለሁም» ማለት ሰልችቷቸው ትተውታል። ያን ቀን ውሻውን ስይዝላቸው ዓይተው፣ «የሚጠርግልኝና እንስሳ የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ» አሉኝ። «ድመት ትፈሪያለሽ?»

«አልፈራም።»

«ሰውስ?»

የውሻውን አንገት ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

«ይሁን፤ ድመቱ ይበቃል» አሉ። በማግስቱ ሥራ ጀመርኩ።

ሥራው በአብዛኛው የበሬ፣ የፍየል፣ የግመል ነበር። ድመት የሚያመጡት ሴቶችና እህል ነጋዴዎች ናቸው። ማሽላ ያለበት ቤት አይጥ አለ፤ አይጥ ያለበት ቤት ደግሞ ድመት ትከበራለች። በእኛ ዘንድ ድመት የጠጣችበት ውሃ ለዉዱእ፣ ከሰላት በፊት ለመታጠብ፣ ይሆናል፤ ከቤት የምትባረር እንስሳ አይደለችም። ለሐኪም ማምጣት ግን ሌላ ነገር ነው። በሬ ይዘው ተራ የሚጠብቁ ወንዶች ከዘንቢል ውስጥ ድመት ስትወጣ ሲያዩ ይሳሳቃሉ።

«ዶክተር፣ ነገ ደግሞ አይጡን ያመጡልዎታል» አለ አንዱ።

«ማሽላህን ሌሊት የሚጠብቅልህ ማን ሆነና?» አሉት ጋሽ ሰይድ። «አንተማ ተኝተሃል።»

ድመት የሚያመጣ ሰው ከአሥር ጊዜ ዘጠኙን «አበጠባት» ብሎ ነው የሚመጣው። ሰው እብጠት ሲያይ ማጭድ አግሎ መተኮስ ያምረዋል። ተተኩሳ የመጣች ድመት ስናይ ጋሽ ሰይድ ቀኑን ሙሉ አይናገሩም ነበር። «ብረቱን ከማጋላቸው በፊት እጃቸውን ቢያሞቁ» ይሉ ነበር።

የራሳቸውን እጅ የሚያሞቁት በሻይ ብርጭቆ ነው። ማንኛዋንም ድመት ከመንካታቸው በፊት ብርጭቆውን በሁለት መዳፋቸው ጨብጠው ይቆያሉ። ቀዝቃዛ እጅ ሲነካት ድመት ሥጋዋን ታጠብቃለች፤ የጠበቀ ሥጋ ውስጥ ያለ ነገር አይገኝም። ከዚያ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። መጀመሪያ ሳያቸው ዱዓ የሚያደርጉ መስሎኝ ነበር። «ዓይን ቸኩሎ ስም ይሰጣል» አሉኝ በኋላ። «ጸጉሩ ያታልለዋል። ለእጅሽ ጊዜ ስጪው።»

በሁለት እጅ፣ ሁለቱን ጎን በአንድ ጊዜ መዳሰስን አስተማሩኝ። በግራም በቀኝም እኩል ያለ ነገር አብዛኛውን ጊዜ የተፈጥሮ ነው፤ በአንድ በኩል ብቻ ያለውን ጠይቂ። ቆዳውን ስታንሸራትቺው እብጠቱ አብሮ ይሄዳል ወይስ ሥጋው ላይ ተጣብቆ ይቀራል? ይሞቃል? ስትነኪያት ዞራ ታይሻለች? ትናንት ያልነበረ፣ የሚሞቅ፣ የሚያማት ከሆነ ተጣልታ ተነክሳ መግል ቋጥራለች፤ ተከፍቶ ይታጠባል፣ ትድናለች። ሆዷ ላይ ሆኖ ሲጫኑት ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ አንጀት ሊሆን ይችላልና ምላጭ እንዳይነካው። ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ጠንካራ፣ የማያማት ከሆነ ያን ጊዜ ፍሪ።

«የሚያማትን ሰው ሁሉ ያያል» ይሉ ነበር። «የማያማትን ነው የምንፈልገው።»

መጠኑን የምንለካው በእህል ነው። አንዲት የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ ጤፍ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ ነበራቸው። ሰው «ትንሽ ናት» ወይም «ትልቅ ናት» ሲል አይቀበሉም። ቆርቆሮውን ከፍተው «የቷን ታህላለች?» ይላሉ። መልሱ ደብተር ላይ ይጻፋል፤ ከወር በኋላ ድመቷ ስትመጣ ምስር የነበረችው ሽምብራ ሆና እንደሆነ በዚያ ይታወቃል።

ስሳሳት አይቆጡኝም። በመጀመሪያው ወር ከደረቷ በታች መሃል ላይ ጠንካራ ነገር አግኝቼ በድንጋጤ ጠራኋቸው። መጥተው ዳሰሱና እጄን ይዘው ወደ ራሴ ደረት መለሱት። «አንቺም አለሽ። የደረት አጥንት ጫፍ ነው። አሁን ሁለታችሁንም እንቁረጣችሁ?» ሌላ ቀን ደግሞ አንድ ነጋዴ ድመቱ አንገት ላይ ያለውን «እጢ» ይቆረጥልኝ ብሎ ሲለምን፣ ጸጉሩን ገልጬ ሳይ እጢው እግር ነበረው። ደም የጠገበ መዥገር ነው። ለሰውየው መንገር አፍሬ ነቅዬ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። ጋሽ ሰይድ እስኪያስላቸው ሳቁ።

ሦስት አራት ዓመት እንዲህ ሄደ። መጀመሪያ እሳቸው ይዳስሳሉ፣ ቀጥሎ እኔ፣ ከዚያ ያገኙትን ይነግሩኛል። በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። እሳቸው ዳስሰው ሲጨርሱ፣ ምንም ከማስጻፋቸው በፊት «አንቺስ?» ይሉኝ ጀመር። ደብተሩንም ለእኔ ሰጡኝ፤ እሳቸው እየነገሩኝ እኔ እጽፋለሁ። ያደግኩ መሰለኝ። ደስ ቢለኝም መልሴ አልተለወጠም።

«አንቱ እንዳሉት ነው።»

ሁልጊዜ ይህን ነበር የምለው። በሬ የያዙ ሰዎች ቆመው እየሰሙ፣ በአባቴ ዕድሜ ያለ ሰው «ምንም የለም» ካለ በኋላ «አለ» የምትል ልጅ እኛ አገር አደብ የላትም ትባላለች። እንዲያ አድርጎ ያሳደገኝ ሰው ክፉ አልነበረም፤ እኔም ክፉ ነገር የማደርግ አልመሰለኝም።

እትዬ ከድጃ ማሽላ ነጋዴ ናቸው። ልጆቻቸው አግብተው ከወጡ ወዲህ በቤታቸው ውስጥ የሚጠራ ስም የቡሬ ብቻ ነበር። ቡሬ ነጭና ጥቁር የሆነች፣ ብዙ የወለደች ድመት ናት። አንድ ቀን እግሯን ተነክሳ አመጧት።

«አካም ቡልቴ፣ ዘሀራ» አሉኝ እንደ ልማዳቸው በኦሮምኛ፤ ድመትንም «አዱሬ» ነው የሚሉት። «ይቺ አዱሬ በእርጅናዋ ጠብ ጀምራለች። እኔ እንኳን ትቻለሁ።»

የእግሩ መግል ነበር፤ ከፍተን አጠብነው። ጋሽ ሰይድ ለእግር የመጣችም ቢሆን ሳይዳስሱ አይሸኙምና ብርጭቆውን ጨብጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው መላ አካሏን ዳሰሱ። «ሌላ ምንም የለም» አሉ። «አንቺስ?»

ዳሰስኩ። ድመት በግራ አራት በቀኝ አራት ጡት አላት። በቀኝ በኩል በመጨረሻዋ ጡት ሥር የሆነች ነገር ጣቴን አቆመችው። ጠንካራ፣ ምስር የምታህል። ቡሬ ዞራ እንኳ አላየችኝም። አልሞቀም፤ አላመማትም።

ከሰንበቴ ገበያ የመጡ ሰዎች በር ላይ ነበሩ። ጋሽ ሰይድ አላገኙትም፤ እንግዲህ ጣቴ ተሳስታለች ብዬ አሰብኩ። ደግሞም የደረት አጥንቱ ትዝ አለኝ።

«አንቱ እንዳሉት ነው» አልኩ።

«ጻፊ። ምንም የለም። ዘሀራም አይታለች።»

ጻፍኩ።

ቡሬ ከአምስት ወር በኋላ ተመልሳ መጣች። እትዬ ከድጃ በዘንቢል ሳይሆን በነጠላቸው አቅፈው ነው ያመጧት። እብጠቱ የዶሮ እንቁላል አህሏል፤ ላዩ ተልጦ ያዣል። ስትተነፍስ ሆዷ ይመታል።

«ይህ ከየት መጣ?» አሉ እትዬ ከድጃ። «ዶክተር፣ ያን ጊዜ አይታችኋት አልነበረም?»

ጋሽ ሰይድ ደብተሩን እንዳነብ ጠየቁኝ። አወጣሁና በራሴ እጅ የተጻፈውን አነበብኩ። ድምፄ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

«ያን ጊዜ አልነበረማ» አሉ እትዬ ከድጃ፣ እኛን ለማጽናናት። «ሁለታችሁም ዓይታችሁ የለም ካላችሁ አልነበረም ማለት ነው። የአላህ ነው።»

በሽታው ሳንባዋ ጋ ደርሷልና መቁረጥ አያድናትም ነበር። የሚያስታግስ ነገር ተሰጥቷት ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ በሁለተኛው ሳምንት ሞተች። እኔ ያን ቀንም አልተናገርኩም። ወለሉን ሁለት ጊዜ ጠረግኩ። ወደ ቤቴ ስሄድ፣ ቦርከና ድልድይ ላይ ቆሜ አመልካች ጣቴን ሳየው ቆየሁ። ጣቴ አልተሳሳተችም ነበር።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት እህል ስበላ እንኳ በጥርሴ መሃል ምስር ስትገባ ይከፋኝ ነበር። እትዬ ከድጃን መንገድ ላይ ሳይ መንገድ እቀይራለሁ። እሳቸው ግን የቡሬን ልጅ ዳማን ማሳደግ ጀመሩ፤ ቀይ ድመት ናት። እናቷ በዚያ ስለሞተች በየጊዜው ያመጧታል።

አንድ ዓርብ፣ የጁምዓ ሰላት ሳይደርስ፣ እትዬ ከድጃ ዳማን ይዘው መጡ። አራት የከብት ነጋዴዎች ደጃፉን ሞልተውታል። ጋሽ ሰይድ ሻዩ ገና እየፈላ የመጣበትን ብርጭቆ ጨበጡ። አንዱ ነጋዴ «ዶክተር፣ አይፈጅዎትም እንዴ?» አላቸው። «እጄ ለምዷል» አሉት። ከዚያ ዳማን ከላይ እስከ ታች ዳሰሷት።

«ንጹህ ናት። ወፍራለች እንጂ። አንቺስ?»

እጄን አሞቅኩ። በግራ በኩል፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ጡት መሃል፣ ጣቴ ቆመች። ቆዳውን አንሸራተትኩ፤ አብሮ አልሄደም። እንደገና ከላይ ጀምሬ መጣሁ፤ እዚያው ነው። ቀና ስል እትዬ ከድጃ የሚያዩት እሳቸውን ሳይሆን እኔን ነው።

«አለ» አልኩ።

«ምን አለ?» አሉ ጋሽ ሰይድ።

«ምስር ታህላለች። በግራ፣ ሦስተኛና አራተኛ መሃል። አያማትም።»

«ወላሂ ልጅቱ አፍ አላት ለካ» አለ ከበሩ ላይ አንዱ። «ስምንት ዓመት ሙሉ ዲዳ መስላኝ።» ሌሎቹ ሳቁ። አንዱ ደግሞ «ዶክተር፣ ተማሪዎ ልትፈትንዎት ነው» አለ።

ጋሽ ሰይድ አልሳቁም። ብርጭቆውን እንደገና ጨብጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ዳሰሱ። አለፉት። ተመልሰው መጡ፤ አሁንም አለፉት። ጣታቸውን ይዤ ቦታው ላይ አኖርኩት። ከጣታቸው ጎን ቆዳው ከፍ ማለቱ ለዓይኔ እንኳ ይታየኛል።

ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው «ላይዋ ላይ ነኝ?» አሉኝ።

«አዎ።»

ከዚያ ቀና ብለው ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ «ከድጃ፣ ልጅቱን ስሚ» አሉ። «እሷ ያለችው ነው።»

በሳምንቱ ከኮምቦልቻ አንድ ወጣት ሐኪም መጥቶ የዳማን የግራ ጡቶች በሙሉ አወጣላት። ዳማ ዛሬም አለች፤ ማሽላው ላይ ትተኛለች። ጋሽ ሰይድ ግን ወሩ ሳይሞላ ሕክምና ቤቱን ዘግተው ሰሌዳውን አወረዱ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። የሚያውቋቸው ሰዎች ፊት አዋርጄያቸው ነው ብዬ ደመደምኩ። ቁልፉን ስመልስ «ጎበዝ ሁኚ» አሉኝ፤ እኔም ጫማቸውን እያየሁ ወጣሁ።

እህል ማከማቻ ውስጥ ገባሁ። መቀመጥ አልቻልኩም። ሴቶቹ «ይቺ ልጅ ምስሩን ትለቅማለች ወይስ ታክመዋለች?» እያሉ ያሾፉብኛል፤ እያንዳንዷን ፍሬ ሳላገላብጥ ስለማላልፍ። በሁለተኛው ወር አላስችል ሲለኝ ቤታቸው ሄድኩ። ጋሽ ሰይድ ግቢያቸው ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ግራ እጃቸው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል።

«ምን ሆኑ?» አልኩ።

«ሻይ አቃጠለኝ። የማየው ቆዳው ሲነሳ ነው እንጂ አይሰማኝም።» አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «ስኳር ነው ዘሀራ። ጣቶቼ ጓንት እንደለበሱ ናቸው። ዛሬ አይደለም። ከቡሬም በፊት ነው።»

ከቡሬ በፊት። ደጋግሜ በልቤ አልኩት። የሚፈላውን ብርጭቆ የሚጨብጡት፣ እኔ ስደነቅበት የኖርኩት፣ ሙቀቱ ስለማይሰማቸው ነበር። ደብተሩን ለእኔ የሰጡኝ፣ እስክሪብቶው ከጣታቸው ስለሚወድቅ።

«ታዲያ ‹አንቺስ› ሲሉኝ . . .»

«ትፈተኚ መስሎሽ ነበር» አሉ። «እየጠየቅኩሽ ነበር።»

ከመንገዱ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው በመጨረሻ። እንዲህ ብዬ ጠይቄያቸው አላውቅም።

«አፈርኩ። አርባ ዓመት በእጄ ኖሬ ‹እጄ የለም› እንዴት ልበል?» አሉና ዞረው አዩኝ። «አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም? ቡሬን አግኝተሻት ነበር። ደብተሩን ስታነቢ ድምፅሽን ሰምቼዋለሁ።»

«እኔም አፈርኩ» አልኩ።

ከቤት ደብተሩንና ቆርቆሮውን አስመጥተው ጉልበቴ ላይ አኖሩልኝ። ቤቴ ሄጄ ደብተሩን ከፈትኩና ከቡሬ በፊት ካለው ገጽ ጀመርኩ። «ምንም የለም። ዘሀራም አይታለች።» ቀጣዩ ገጽ ላይም። ከዚያ ቀጥሎም። አንዳንዶቹ ላይ በእርግጥም ምንም አልነበረም፤ ትዝ ይሉኛል። አንዳንዶቹን ግን ፈጥኜ ነው የዳሰስኳቸው፤ እሳቸው የለም ካሉ በኋላ ምን ልፈልግ ብዬ። ያልሰማ እጅና ያልተናገረ አፍ አንድ ላይ የጻፉት ነው። ሰላሳ አራት ድመት ቆጠርኩ።

አሁን ዓርብ ዓርብ ማከማቻው ለጁምዓ ሲዘጋ ደብተሩን ይዤ እወጣለሁ። የሰው በር ማንኳኳት ለእኔ በሬ ከመያዝ ይከብዳል። በር ላይ ቆሜ የምለው ጠፍቶኝ የተመለስኩበት ቀን አለ። አሁን አንድ ዓረፍተ ነገር ይዣለሁ፤ «አሰላሙ አለይኩም፣ የዶክተር ሠራተኛ ነበርኩ፣ ድመታችሁን እንደገና ልዳስስ ነው የመጣሁት።» የሚስቁ አሉ። «ምን ትፈልጊያለሽ?» ብለው በጥርጣሬ የሚያዩኝ አሉ። አንዷ ሴት ድመቷ ከሞተች ዓመት እንደሆናት ነገረችኝ፤ በምን እንደሞተች ስጠይቃት «ሆዷ ላይ አብጦባት» አለች። የድመቷን ስም ከደብተሩ ላይ አልሰረዝኩትም። አብዛኞቹ ደህና ናቸው። ስጨርስ ጋሽ ሰይድ ዘንድ እሄዳለሁ። «ምን አገኘሽ?» ይሉኛል፤ እሳቸው መጀመሪያ የሚሉት ነገር የላቸውም።

ዛሬ የሄድኩት መስጊዱ አጠገብ ወዳለ ሻይ ቤት ነው። ሰላት ገና ማለቁ ነው፤ ወንዶች አግዳሚውን ሞልተውታል። ባለቤቱ ድመቷን ከምድጃው ጎን አንስቶ አምጥቶ ጠረጴዛ ላይ አኖረልኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል። ዓይኔን ጨፈንኩ። አገጭ፣ አንገት፣ ብብት። በቀኝ፣ በሁለተኛው ጡት ሥር፣ ጣቴ ቆመች።

«እህስ?» አለ ባለቤቱ።

ቆርቆሮውን ከፍቼ ፍሬ መረጥኩና መዳፉ ላይ አኖርኩ። ሽምብራ ነው።

«ይህን ታህላለች» አልኩት።

ፍሬውን አየ፣ እኔን አየ። «ዶክተር እኮ ምንም የለም ብለውኝ ነበር። አንቺም ነበርሽ።»

«ነበርኩ» አልኩ። «ተሳስተናል።»

አግዳሚው ላይ አንድ ሽማግሌ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ዓይኔን ከባለቤቱ ላይ አላነሳሁም።

«ከኮምቦልቻ የሚመጣ ሐኪም አለ፤ አሁን እደውልለታለሁ» አልኩት። «ነገ ጠዋት መጥቶ ሊቆርጥላት ስለሚችል፣ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ምግብ አትስጣት።»

ደውዬለታለሁ፤ ይመጣል። ደብተሩ ላይ ገና አሥራ አንድ ስም ቀርቶኛል።